የደብሪቱ እኩል

«እኩል አይደለም!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። «ይምርሐነ ክርስቶስን እኩል አይደለም! አምናም አልነበረም፣ ዘንድሮም አይደለም!»

ወይራው ሥር የተሰበሰበው ሰው ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። በብልባላ ዙሪያ ይምርሐነ ክርስቶስን ጠርቶ የማለን ሰው ማንም በነገር አያቋርጠውም፤ ቢዋሽም ዕዳው የራሱ ነው። ቄስ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። መሬት ሊለካ ከወረዳ የመጣው ይታገሱ ደግሞ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ምስኪን፣ ደስ ይላታል ብሎ ነበር የተናገረው። «ከታችኛው ድንጋይ ሲለካ የማሳው ሁለት ጎን እኩል ነው» አለ፤ ሌላ ያለው ነገር የለም።

ደብሪቱ ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዘችው አንዲቷን ቃል ነው። ሰው የሚለውን እስከ መጨረሻው የመስማት ልማድ የላትም። አጋማሹ ላይ ሲደርስ የቀረውን እሷ ታውቀዋለች፤ የማታውቀውም ቢሆን መታወቅ የማያስፈልገው ነው።

በላስታ «እኩል» አንድ ቃል አይደለም። አቻም ነው፤ ግማሽም ነው፤ በሬ ያለው ሰው በሬ የሌለውን ሰው መሬት አርሶ ምርቱን ለሁለት ሲካፈሉም እኩል ነው። ደብሪቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬ የላትም። ማሳዋን በእኩል የሚያርሰው ጎረቤቷ አዝመራው ነው። ይህንን አገር ያውቃል፤ አህዮቹም ሳይቀሩ ያውቃሉ፤ በመኸር ጊዜ ነዶውን ወደ ሁለት ቤት የሚያመላልሱት እነሱ ናቸውና። እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ብልባላ ገበያ ላይ ጌሾ የምትሸጠው ሙሉዬ ደብሪቱን ወደ ጥግ ስባ፣ «እታለም፣ ልኬቱ ሲመጣ እኩል የሚል ቃል ካነሱብሽ አለቀልሽ! የመሬቱን ግማሽ ለአራሹ ይጽፉለታል» አለቻት። ደብሪቱ ሙሉዬን ትንቃታለች፤ ወሬዋን ግን ንቃ አታውቅም።

ነገሩ፣ ደብሪቱ ያልናቀችው ሰው በቀበሌው ካለ ገና አልተወለደም፤ የተወለደ እንደሆነም እናቱን ስለምታውቃት ቀድማ ንቃዋለች። ይታገሱን ለምሳሌ ከእናቱ ከወለተ ሐና ነው ነጥላ የማታየው። ጠዋት ካልሲና የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ ጂፒኤስ የሚሏትን መሣሪያ በአንገቱ አንጠልጥሎ ሲመጣ ከሩቅ አየችውና ለቄሱ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ንፍጡን በነጠላዬ ጠርጌ ያሳደግሁት ልጅ መሬቴን በስልክ ሊለካው መጣ!» አለች።

«ስልክ አይደለም፣ እትዬ ደብሪቱ።»

«ታዲያ አንጠልጥለኸው ማን እስኪደውልልህ ነው?»

አዝመራውንማ ተዉት። አዝመራው በዚያ ሰሞን ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል። የአንድ ለአምስት ጠርናፊም ነው። «አምስት ሰው ጠርንፎ አልበቃው ብሎ የኔን ድንበር ስድስተኛ አደረገው» ትላለች ደብሪቱ፤ ይህችን ነገር ሲያገኛትም ሳያገኛትም ትላታለች፤ በተለይ ሲያገኛት።

ድንበር ያለችው እንዲህ ነው። ማሳዋ ሦስት ማዕዘን ነው። አንዱ ማዕዘን ጥምቀት ሲወርድ ታቦት የሚያርፍበት ወይራ ነው። ሁለተኛው በስተምዕራብ ቁልቁል ያለው ቋጥኝ ነው፤ እሱን የሚነቀንቀው የለም። ሦስተኛው በስተምሥራቅ ከምንጩ አጠገብ የተተከለ ድንጋይ ነበር። በሰማንያ ዘጠኝ መሬት ሲደለደል ደልዳዮቹ ገመዳቸውን ከወይራው እስከ ቋጥኙ ዘረጉት፤ ያንኑ ገመድ መልሰው ከወይራው ወደ ምንጩ ዘረጉትና ጫፉ ባረፈበት ድንጋይ ተከሉ። አንድ ገመድ ወዲህ፣ ያው ገመድ ወዲያ። ይህንን ሁሉም ያስታውሳል፤ አዝመራውም ጭምር።

ታዲያ አሁን ከምንጩ በኩል ያለው ድንጋይ ሁለት ሆነ። የታችኛው ሣር ውጦት ለብቻው ተቀምጧል። ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ማንም ሲተከል ያላየው ሌላ ድንጋይ ተገትሯል፤ አዝመራው «ድንበሩ ይኼ ነው» የሚለው እሱን ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጥርኝ አፈር በበጋ የማትደርቅ ርጥብ ናት። ደብሪቱ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የምታበቅልባት እሷን ነው፤ እንጀራዋ እሷ ናት። ርጥቧ ከሄደች የቀረው ማሳ ፀሐይ ለድንጋይ ከማሞቂያነት በቀር የሚረባ አይደለም። ገመድ ጎትተው ነገሩን እንዳይለዩት በሰማንያ ዘጠኝ ያልነበረ ቦረቦር ማሳውን መካከሉ ላይ ገምሶታል፤ ገመዱ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

ስለዚህ ጠዋት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ፈረዱ። «ሁለቱ ገመድ አንድ እንደነበረ ሁላችንም አይተናል። ይታገሱ በትምህርቱ ርቀቱን ያውጣው። ከየትኛው ድንጋይ ሲነሳ ሁለቱ ጎን አንድ ከሆነ፣ ድንበሩ ያ ነው» አሉ። አዝመራው ተስማማ። ደብሪቱም ተስማማች። ልብ በሉ፣ ቄሱ «አንድ» ነው ያሉት። ይታገሱ ግን ተምሯል፤ የተማረ ሰው አንድ ማለት ሲችል እኩል ይላል። ይኸው መዘዙ።

አዝመራው ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም። ይኼኛው ግን ገባው። ከተቀመጠበት ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ።

«ሰምታችኋል» አለ ለስለስ ብሎ። «እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም። እታለም ደብሪቱ ራሷ ናት ይምርሐነ ክርስቶስን ጠርታ እኩል አይደለም ያለች። የታችኛው ድንጋይ እኩል ካልሆነ ድንበሩ የላይኛው ነዋ! አለቀ።»

ደብሪቱ የአዝመራውን ፊት አየች። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። አዝመራውን ደስ ያለው ነገር ሁሉ እሷን የሚጎዳ እንደሆነ ከረጅም ዘመን ጉርብትና ተምራለች፤ ይህ ብቻ ነው ያስደነገጣት። ወደ ይታገሱ ዞረች።

«አንተ የወለተ ሐና ልጅ፣ ምንድን ነው ያልኸው? ድገመው እስቲ፤ እንደ ሰው አድርገህ ድገመው።»

ይታገሱ ቁጢጥ አለና በእንጨት አፈሩን ይጭር ጀመር። «እትዬ፣ ወይራውን ዜሮ እንበለው።»

«ዜሮ? አባ፣ ይሰማሉ? ታቦት የሚያርፍበትን ወይራ ዜሮ አለው!»

«ለሒሳብ ነው፣ ደብሪቱ» አሉ ቄሱ። «ዝም በይና ስሚ።»

«እሺ፣ ዜሮ ይሁን። እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ያገኘውን ነው የሚያውቅ።»

ይታገሱ ሳቁን ዋጠ። «ከዚህ ወደ ቋጥኙ ለመድረስ ሠላሳ ሦስት ሜትር ወደ ምዕራብ፣ ሃምሳ ስድስት ሜትር ወደ ደቡብ ነው፤ ክፍልፋዩን ትተነው። ግን ማንም ሰው መጀመሪያ ወደ ጎን ሄዶ ከዚያ ታጥፎ ቁልቁል አይወርድም፤ አቋርጦ ነው የሚሄድ። የምንፈልገው አቋራጩን ነው። ገመዱ የተዘረጋ በአቋራጩ ነዋ።»

«አቋራጭ እንደሚያጥር ፍየሎቼም ያውቃሉ። ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፍሉህ?»

«ፍየሎቹ እንደሚያጥር ያውቃሉ፤ ስንት እንደሆነ አያውቁም» አለ ይታገሱ። ከሰዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ደብሪቱ ስታየው ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። «ሠላሳ ሦስትን በራሱ አባዝተን፣ ሃምሳ ስድስትን በራሱ አባዝተን፣ ሁለቱን ስንደምር አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ይሆናል። ወደ ታችኛው ድንጋይ ደግሞ አሥራ ስድስት ወደ ምሥራቅ፣ ስልሳ ሦስት ወደ ደቡብ ነው። እሱንም እንዲሁ አባዝተን ስንደምር ያው አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አምስት። እንግዲህ የሁለቱንም ዳግም ዘር ስናወጣ...»

«ስናወጣ?» አለች ደብሪቱ። ወገቧን ያዘች። «ማንና ማን ሆናችሁ ነው የምታወጡ? ዘር የማወጣ እኔ ነኝ! አምና ዘሩ የወጣ ከኔ ጎተራ! በረዶ ደብድቦት እንደገና ስንዘራ፣ ዳግም ዘሩም የወጣ ከኔው ጎተራ! ይኼ ሞዴል በሬውንና ጅራፉን ይዞ ከመምጣት በቀር አንዲት ቁና ገብስ አላወጣም!»

የአዝመራው ፈገግታ ከከንፈሩ ላይ ትንሽ ሸሸ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ግን አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አሳርፈው አዩዋት። የሁለቱም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው።

«ደብሪቱ፣ ልጄ» አሉ። «ዘር አንቺ ካወጣሽ፣ በሬ እሱ ካወጣ፣ ዘሩን ካነሣሽ በኋላ የቀረውን ምርት እንዴት ትካፈሉታላችሁ?»

«እኩ...» አለችና ቃሏን ነክሳ መለሰችው።

ዘገየች። በዚያ ወይራ ሥር ያለ ሰው ሁሉ የቀረችውን ፊደል በልቡ ሞልቷታል። ሳል አስመስሎ የነበረው ሰውዬ አሁን እውነተኛ ሳል ያዘው።

ይታገሱ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። እንጨቱን ጣለ። «እትዬ ደብሪቱ! በእኩል ማሳረስሽን ልትደብቂ ነው እንዴ እንዲህ የማልሽ? በእኩል ያረሰ ሰው መሬት አይጻፍለትም። መሬቱ የባለይዞታው ነው። ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሙሉዬ።»

«ጌሾ ሻጯ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ፤ አንተን?» አለች ደብሪቱ። ለሙሉዬ ግን በልቧ የሚመጣውን ቅዳሜ አሰናዳችላት።

«እኔ ያልሁት የማሳውን ጎን ነው። ዘር ያልሁትም የሒሳብ ዘር ነው፤ በራሱ ሲባዛ ያንን ቁጥር የሚሰጥ ቁጥር ማለት ነው። ስልሳ አምስት ነው። ከወይራው እስከ ቋጥኙ ስልሳ አምስት ሜትር፣ ከወይራው እስከ ታችኛው ድንጋይ ስልሳ አምስት ሜትር፣ ከቋጥኙ እስከ ታችኛው ድንጋይ አርባ ዘጠኝ ተኩል። ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን። የላይኛውን ድንጋይ ከያዝን ግን አንዱ ስልሳ አምስት፣ አንዱ ሃምሳ ሁለት፣ ሦስተኛው ሃምሳ ሦስት ተኩል ግድም ነው፤ አንዱም ካንዱ አይገጥምም። ገመዱ አንድ ነበረ ካላችሁ የላይኛው ድንጋይ ድንበር ሊሆን አይችልም።»

«ሦስቱም እኩል የሚሆንበትስ የለም?» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ለማወቅ ያህል።

«አለ፤ እሱም ራሱን የቻለ ዓይነት ነው።»

«በላስታ የለም» አለች ደብሪቱ። «ሰማይ ቤት ይኖር እንደሆነ እንጃ።»

ትንሽ ደስ አላት። ርጥቧ የሷ ናት፤ የወለተ ሐና ልጅ አፈር ጭሮ አሳይቷል፤ አፍንጫውን መጥረጓ ከንቱ አልቀረም። ነጠላዋን ማጣፋት ጀምራ ሳለች አዝመራው እንደገና ቆመ።

«ልጁ ጥሩ ለክቷል» አለ። «ግን መሐላስ? እሱ በጭረት እኩል ነው ይላል፤ እሷ በይምርሐነ ክርስቶስ አይደለም ብላለች። እኔ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም፤ ሞኝ ገበሬ ነኝ። አባ ያውቃሉ።»

ሞኝ ገበሬ ሲል እንደ ሞዴል አርሶ አደር ቆሞ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ግን አጉተመተመ፤ ነገሩ ከበደው። መሐላ እንደ ድንጋይ አይደለም፤ ተነሥቶ ወደ ላይ አይተከልም።

ቄሱ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ደብሪቱ፣ ስትምዪ በልብሽ የነበረው የትኛው እኩል ነው?»

ደብሪቱ ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ አልቆመችም። የማሳው ጎን ነው ካለች መሐላዋ ይቆማል፣ ርጥቧ ትሄዳለች። የእርሻው ነው ካለች ርጥቧ ትቀራለች፣ እሷ ግን በሐሰት የማለች ናት፤ ያውም በንስሐ አባቷ ፊት፣ ያውም በአዝመራው ፊት። ዓይኗ ምንጩ አጠገብ ወዳሉት አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠሎች ሄደ። ከላይ ከዚህ ሲታዩ ጥቂት ናቸው፤ ክረምት እስኪመጣ ግን ቤቷ ጨውና በርበሬ የሚገባው በነሱ ነው።

ቄሱን አሳዘነቻቸው መሰለኝ ሦስተኛ መንገድ አበጁላት። «ቃሉ አልገባኝም ነበር ብትዪም ሰው ይረዳሻል» አሉ። «ልጁ በትምህርት አነጋገር ነው የተናገረው። አልሰማሽው ይሆናል። አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም።»

ደብሪቱ ቀና አለች። ይታገሱን አየችው። ካልሲውን አየችው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር ነክቶታል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የሷን አፍ ይጠብቃል። በዚህ ቀበሌ አልገባቸውም የሚባሉት ሌሎቹ ናቸው። ያልገባቸውን እየቆጠረች ነው ያረጀች። ዛሬ ከነሱ ቁጥር ልትገባ ነው?

«ገብቶኛል!» አለች። «ምን ያልገባኝ አለ? የእርሻውን ነው የማልሁ! አዝመራው በእኩል ያርሳል፤ አያርስም ብዬ ማልሁ። በሐሰት ማልሁ! አውቄ ነው የማልሁ እንጂ ሳይገባኝ አይደለም!»

ሰዉ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ነጠላውን አፉ ላይ ጣለ። አዝመራው እጁን አነሣ። «ሰማችሁ! በአንደበቷ...»

«አንተ ዝም በል!» አለችው። «እኔ ውሸቴን አወጣሁ። ያንተስ ድንጋይ? እግር አውጥቶ ነው ማሳዬ ውስጥ የገባ?»

ቄሱም ወደ አዝመራው ዞሩ። «እውነት፣ የላይኛውን ድንጋይ ማን አመጣው?»

«እኔ እንጃ፣ አባ። ጎርፍ ያመጣው ይሆናል።»

ይታገሱ ወርዶ ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ገለበጠው። የድንጋዩ ሆድ እንደ ምንጩ ድንጋዮች ሁሉ ለስላሳ ነው፤ አረንጓዴ የውኃ ሽበት ገና አልተላጠበትም። ምንጩ ደግሞ ከታች ነው።

«ጎርፍ ሽቅብ?» አሉ ቄሱ።

አዝመራው ሰማዩን አየ፤ ሰማዩም አላገዘው። ይታገሱ የታችኛውን ድንጋይ በመሣሪያዋ ላይ ድንበር ብሎ መዘገበ። ነገሩ አበቃ። ሰው መበተን ጀመረ፤ ርጥቧ በደብሪቱ እጅ ቀረች። ደብሪቱ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ያሸነፈ ሰው እንዲህ ተገትሮ አይቀርም፤ የቀራት ነገር እንዳለ አውቃለች።

«ይፍቱኝ፣ አባ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ብሎም ቢሆን ሦስት ማሳ ያሻግራል።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አወጡና ግንባሯንና ከንፈሯን አስነኳት። «በእግርሽ ይምርሐነ ክርስቶስ ትሄጃለሽ። ደጁ ላይ መቶ ስግደት ትሰግጃለሽ።»

«በዚህ ጉልበቴ መቶ?»

«አፍሽ ሲምል ጉልበትሽን መች አማከረው።»

ደብሪቱ ይህንን ዋጠችው። ከዚያ አዝመራው በአጥር ጥግ ቀስ ብሎ ሊያልፍ ሲል አየችውና እንደገና ነፍስ ዘራች።

«ለሱስ፣ አባ? ድንጋይ ሽቅብ ላስፈሰሰው ሞዴልስ ስንት ነው?»

«እሱ እኩል ይሰግዳል» አሉ ቄሱ መንገድ ጀምረው።

ደብሪቱ ተከተለቻቸው።

«እኩል ማለትዎ፣ አባ፣ እንደኔው መቶውን ነው ወይስ እንደ ምርቱ ግማሹን? የትኛው እኩል ነው?»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ወደ ኋላም አልዞሩ።

«የወለተ ሐናን ልጅ ጠይቂው።»